ሊወስዱኝ የመጡ መስሎኝ

ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድሜ ለሮስኮ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በክረምት የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ኮትህን ትተህ ነው የምትወጣው? ቶሌዶ ዘንድሮ በረዶው ከባድ ነው ሲሉ ሰምቼ አንተን ነው ያሰብኩት። ጥርስህን ሐኪም ዘንድ ታየህ? ደህና ትበላለህ? እንደ ድሮው ዳቦ ኪስህ ውስጥ እየደበቅህ ከሆነም አትፈር፤ እኔም እስካሁን እደብቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ የትምህርት ነገር ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋብኛለህ። ባለፈውም “ዴሊያ፣ እኔ የምጽዋት ተማሪ አልሆንም። ዛሬ አንስተው ነገ ከሚጥሉኝ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ብሸከም ይሻለኛል” ብለህ ዘጋህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አንብበህ ጨርሰህ ነው የምትቀደው፤ አውቅህ የለ።

ስለዚህ ያፈርኩበትን ነገር ልንገርህ። ኬሚስትሪ ወደቅሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም። ያችን “ዴሊያ ጎበዝ ናት” እየተባለች ስትጠራብህ የኖረችውን እህትህን ገና ሰሞን ውጤት ሲወጣ ብታያት ኖሮ ታዝንላት ነበር።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረኝን ማኅበር ታውቀዋለህ፤ እንደኛ በማሳደጊያና በሰው ቤት ያደጉትን ነው የሚረዳው። ሀብታሞች እንዳይመስሉህ። ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ በመከር ወራት የፖም ኬክ ጋግረው ይሸጣሉ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ይለምናሉ፣ በዚያ የኛን ክፍያ ይሸፍናሉ። ለያንዳንዱ ተማሪም ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመድቡለታል። የኔዋ እትዬ ኦቲሊ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ ድምፃቸው ከኋላ ወንበር ላለ ልጅ የሚሰማ ነው። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። እኔም እበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ “ደህና ነኝ” እላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ትንፍሽ አልልም ነበር።

ስገባ ባስፈረሙኝ ወረቀት ላይ “ውጤትሽ ዝቅ ካለ አሳውቂን” የሚል አለ። አላሳወቅኋቸውም። አዲስ ዓመት እንዳለፈ ከማኅበሩ አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ኦቲሊ መጥተው ያነጋግሩሻል ይላል። ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም አይመስለውም። እኔና አንተ ግን “አንዲት ሴት መጥታ ታነጋግራችኋለች” ሲባል ምን እንደሚከተል እናውቃለን። እኔ ዘጠኝ ቤት፣ አንተ ሰባት ቤት ስንቀያይር፣ የመጣችው ሴት አንድ ቀን እንኳ ለጨዋታ መጥታ አታውቅም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ አርብ ዕለት ዕቃዬን ሸከፍኩ፤ በሁለት ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት፣ ያው እንደለመድነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። አራት ወር ሙሉ የመኝታ ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ አንድ ካልሲ እንኳ አላስቀመጥኩም ነበርና የምለቅመው ነገር አልነበረም። አንሶላውን አጠፍኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ፤ መቼም ሲወጡ አጽድቶ መውጣት ነው፣ ክፉ ስም እንዳይከተል። ቅዳሜ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባ የሚባል የለም።

እትዬ ኦቲሊ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። በሁለት እጃቸው ዶሮ በፓስታ የተቀቀለበት ትልቅ ድስት ይዘዋል። “ምነው፣ ማሞቂያው ተበላሸ እንዴ? ቤት ውስጥ ኮት?” አሉኝ። ዝግጁ ነኝ አልኳቸው። “ለምኑ?” አሉ። “ለመሄድ። ቁልፉን ለማን ልስጥ?” አልኩ።

ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከረጢቶቹን አዩ፣ መሳቢያውን ከፍተው ባዶውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዘለው አላቀፉኝም። “ልቀፍሽ ወይስ አትወጂም?” ብለው ጠየቁኝ። ሮስኮ፣ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ንፍጤ ሹራባቸው ላይ እስኪቀር ድረስ ያለቀስኩት።

“ስሚ ልጄ” አሉኝ፣ “እኔ የቤት ሥራ አልሠራህም ብዬ መንገድ ላይ ያወረድኩት ልጅ የለም። ደግሞም እኔ ራሴ የመንጃ ፈቃድ ሦስቴ ወድቄ በአራተኛው ነው ያለፍኩት። ይህን ለልጆቹ ወላጆች እንዳትነግሪብኝ።” ለካ የመጡት ሌላ ነገር ሊነግሩኝ ነው። ከማኅበሩ አባላት አንዱ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ ናቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሊያስጠኑኝ ፈቅደዋል። አንድ ችግራቸው ብዙ ይበላሉ አሉኝ። “አሳውቂን” ያሉትም ለዚህ ብለው እንጂ ሊያባርሩኝ አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆንኩልህ።

ዕቃውን ላውጣልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው “ይሄ ሹራብማ በዕድሜ ከኔም ይበልጣል” እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ እኔ ልብሴን አንድ በአንድ መሳቢያው ውስጥ ደረደርኩ። ከዚያ ዶሮውን በላን፤ ሁለት ሳህን ጨረስኩ። መምህሩም እውነትም በላተኛ ናቸው፤ ግን ያስረዳሉ። ባለፈው ሳምንት ፈተና ከመቶ ሰባ አንድ አመጣሁ። ለሌላው ምንም አይደለም፤ እኔ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለማኅበሩ የምታቀርበው ያንተ ማመልከቻ እስከ ማርች አንድ ድረስ መግባት አለበት። ስለ ራስህ አንድ ገጽ ጻፍ ይላል። ስለ እናታችን መጻፍ የለብህም፤ እንባህን ለማንም የመሸጥ ግዴታ የለብህም። የአሳዳጊህን የጋሼ ቨርጂልን የሣር ማጨጃ እንዴት ፈትተህ እንደገጠምከው ጻፍ። ሁለት ብሎን እንደተረፈህም ጻፍ፤ እነ እትዬ ኦቲሊ እንዲህ ያለውን ይወዳሉ።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልናገር። ስልኩን የምትዘጋብኝ በማኅበሩ ተናደህ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን በሁለት መኪና ሲለያዩን እኔ አሥራ አንድ፣ አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። “አሥራ ስምንት ሲሞላኝ መጥቼ እወስድሃለሁ” አልኩህ። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው እየተቆጣጠረን፣ ሰዓት ተቆጥሮልን ስንገናኝ ሁልጊዜ “ስንት ዓመት ቀረሽ?” ትለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ሞላኝ፤ አልመጣሁም። እዚህ መጣሁ። የማስገባህ ቤት አልነበረኝም፤ ያንን ልነግርህ ደግሞ አፈርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ይህን ለእትዬ ኦቲሊ ነገርኳቸው። “ታዲያ መኪና አለኝ አይደል?” አሉኝ። ፌብሩዋሪ 23፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ ተነስተን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደጃችሁ እንደርሳለን፤ አሳዳጊህን ወይዘሮ ናዲንን አስፈቅጃለሁ። የምመጣው ልወስድህ አይደለም። ያንን ዛሬም አልችልም፤ ሁለተኛ አልዋሽህም። አብረን ምሳ እንበላለን። ቅጹን ልሙላ ካልክ አብረን እንሞላዋለን። አልፈልግም ካልክ ስሙን አላነሳብህም፤ በሚቀጥለውም ወር እመጣለሁ፣ መጋዘን ብትገባም መጋዘኑ በር ድረስ እመጣለሁ።

ወይዘሮ ናዲንን ስለ ሳልህ መድኃኒት አመስግንልኝ። ለጋሼ ቨርጂል “እህቴ ስለ ማጨጃው ነገር ቻሉት ብላለች” በልልኝ። ትንሿን ፐርልን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የወለቀው ጥርሷ በቀለ? ያን ሰነፍ ውሻችሁን ቢስኪትንም ጆሮውን እከክልኝ።

አንተን ግን ራሴ እስምሃለሁ። አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ግን እየመጣሁ ነው።

እህትህ ዴሊያ
አቴንስ፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019