ሳሙናችንን የወሰደው ሥራ አስኪያጅ

ለልጄ ለሙንዚር፣
ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሊዮን ድረስ ይድረስህ። እኔ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

መጦሪያ ቤታችን ግን ጉድ ፈልቶበታል! አንድ ክፍል የምንጋራው ላላ ዱሐ ለሳል የታዘዘላት አንቲባዮቲክ ሆዷን አቃወሰውና ተቅማጥ ጣላት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረላት። ነርሷም፣ "ይህ ተቅማጡን ያመጣው ጀርም ተላላፊ ነው፣ በአልኮልም አይሞትም፤ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ" አለችን። በየትኛው ሳሙና? ሥራ አስኪያጁ የአልኮል ጄል ገዛሁ ብሎ ሳሙናውን ከየመታጠቢያው ለቃቅሞታል! ብጮህበት፣ "እማማ ናጂያ፣ ዘመናዊ ይሁኑ እንጂ!" አለኝ። "ዘመናዊነትህ በአፍንጫዬ ይውጣ!" አልኩት።

ከትናንት ወዲያ ለብቻዬ ክፍል ሰጡኝ። መጸዳጃው ቅርብ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ ተመችቶኛል። ለዒድ ስትመጣ ጣፋጩ ይቅርና ሳሙና አምጣልኝ።

አላህ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ደግሞ እንደ ልማድህ እጄን እንዳትስም፤ በሩ ላይ ቆመህ ልይህ።

እናትህ ናጂያ
ከሰፋቅስ፣ ቱኒዚያ