ሽጉጥ የሌለበት የጋንግስተር ፊልም

ዊልስደን፣ ሎንዶን
እሑድ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለልዑልቃል፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሐዋሳ ሙቀቱ እንደበረታ፣ አንተም ኮሌጁን እንደለመድከው አጎትህ ጥላዬ ነግሮኛል። ስልኬን እንደማታነሣ ስለማውቅ በደብዳቤ መጣሁ። እኔ ደኅና ነኝ። አሁንም ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ምግብ ክፍል ነኝ፤ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀይረውልኛል።

እኅትህ ዳናዊት ዘንድሮ ትምህርት ቤት የፊልም ሥራ ትማራለች። ሦስት ሆነው የጋንግስተር ፊልም ትሬይለር እንዲያቅዱ ታዘዋል፤ ፊልሙን የሚያስተዋውቅ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ማለት ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ እኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሄራንን ታውቃታለህ፣ የታችኛው ፎቅ ልጅ ናት። ሌላው ሳዶቅ የሚባል ረጅም ልጅ ነው፤ ካሜራው የእሱ ነው። በየወረቀቱ አንድ አንድ ትዕይንት እየሣሉ ምንጣፉን ሸፈኑት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድንች እልጣለሁ፤ በሩ ክፍት ነው።

ሳዶቅ የመኪና ማሳደድና ሽጉጥ ይግባ አለ።

ሄራን፣ "የውሸትም ቢሆን መሣሪያ አይፈቀድም። ትምህርት ቤት የሰጡን ፎርም ላይ አላነበብክም?" አለችው።

"ያለ ሽጉጥ ምኑ ጋንግስተር ነው ታዲያ?"

ይሄኔ ዳናዊት ጠራችኝ። "ማሚ፣ ልዑል ከእነዚያ የጋንግ ልጆች ጋር መግጠሙን በምን አወቅሽ?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢላዋውን አስቀምጬ ነገርኳቸው። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ባኞ ቤት ጃኬትህን በእጅህ ታጥብ ነበር። ካልሲውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ ልጅ! ምንም ሳልጠይቅህ በሩን መልሼ ዘጋሁት። ውኃው ቀልቶ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

ሳዶቅ ሽጉጡን ረሳ። "ይሄ ነው! ፊት አናሳይም፤ እጅና ጃኬት፣ የውኃ ድምፅ፣ ከዚያ እናትየው በሩን ስትዘጋ" እያለ ወረቀቶቹን እንደገና ደረደረ። ወደ እኔ ዞሮም፣ "አንቲ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?" አለኝ።

"ሀገር ቤት ወሰድኩት።"

"እሺ ብሎ ሄደ?"

ዳናዊት ቀደመችኝ። "አዎ፤ እዚያ መቅረት የፈለገው ራሱ ነው።" እንዲያ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።

"አይደለም" አልኩ። "አያቱ ሊሞቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። አያቱ ደኅና ነበሩ። በአሥረኛው ቀን እሱ ሳይነቃ ብቻዬን ተመለስኩ።"

ዳናዊት እርሳሷን አስቀመጠች። አልጮኸችም። "እኔ ደግሞ ጥሎኝ ቀረ ብዬ ይሄን ያህል ጊዜ ተቀይሜዋለሁ" ብላ ክፍሏ ገባች። ልጆቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔም ወደ ድንቼ ተመለስኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። "እንሠራዋለን። ግን ልዑል እሺ ካለ ብቻ ነው" አለቻቸው። ራሷ ትደውልልሃለች፤ እባክህ አንሣላት። በእኔ የመጣ ቂም ለእሷ አይትረፍ።

የእናትየዋን ቦታ እኔ እንድሠራ ጠይቀውኛል። በሩን ሳልዘጋው ብገባስ አልኳቸው። ሄራን፣ "አንቲ፣ እሱ ሌላ ፊልም ይሆናል" አለችኝ።

በሕይወት አለህ፤ ይህን በምንም አልለውጠውም። ዋሽቼሃለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን አስታርቄ ልጽፍልህ ብሞክር አልሆነልኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልህ የሰበካችን ሰው ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ያን ጊዜ ከሻንጣህ የወሰድኩትን ፓስፖርትህንም ይሰጡሃል። ቼክ አድርጌዋለሁ፤ እስከሚመጣው ዓመት ይሠራል። ና አልልህም፤ ቅርም አልልህም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶሃል።

አምላክ በመረጥከው መንገድ ሁሉ ይቅደምህ፤ ክፉ አይይህ። የአልጋህን አንሶላ ትናንት ቀየርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።

እናትህ
እታፈራሁ