የአባባ ጆሮ የማን ነው?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ያብጣል ያልሽው እግርሽስ ተሻለው? ከሥራ ስትመለሺ ከፍ አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ ወይስ በሽተኞችን ብቻ ነው የምትመክሪው? እኛ ደህና ነን። «ደህና» የምለው ደብዳቤ ላይ እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ፣ እዚህ ቤት ያለው ነገር ደህና ይሁን አይሁን ለራሴም ግራ ገብቶኛል።

ይህን በስልክ ቶሎ ልልክልሽ ስችል በእስክሪብቶ የምሠቃየው አባባ «በወረቀት ካልሆነ አይሆንም» ስላለኝ ነው። የምጽፈውን አላነብም ብሎ ስለማለልኝ ግን እንደ ልቤ አማዋለሁ።

ወንድምሽ የላክሽለትን መልእክት እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። «በሕይወቴ የከበደኝን ነገር ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኩት፤ እሱ ግን እሰይ፣ ጥሩ ነው አለኝ። ትቻችሁ በመሄዴ ቂም ይዞብኝ ከሆነ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ካሁን በኋላ አልደውልም» ብለሻል። አባባ አጠገባችን ተቀምጦ ዳቦውን ሾርባ ውስጥ እየነከረ ነበር፤ አልሰማም። «ምን ትላለች?» ሲል ወንድምሽ ጆሮው ላይ «ሰላም ብላለች!» ብሎ ጮኸበት።

እማዬ፣ ቂም ይሁን አይሁን አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

ያቺ የላክሽለት የጆሮ መስሚያ፣ ከባቄላ ከፍ የማትለዋ፣ ዓመት ሙሉ በደንብ ስትሠራ ቆየች። ለሱ ገነት ነበር። ለኔማ መከራ ነበር፤ ጓሮ ሆኜ የማጉረመርመውን ሁሉ ይሰማ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ መስሚያዋ ጭጭ አለች። የአባባን ስልክ ብንከፍት መስሚያዋን የሚያዛት አፕ «ውላችንን አሻሽለናል፤ ካልተስማሙ አገልግሎቱ ይቋረጣል» ይላል። ከሥሩ ሁለት ነገር ነው ያለው፤ አንዱ «እስማማለሁ»፣ ሌላው «በኋላ አስታውሰኝ»።

አባባ መነጽሩን አድርጎ አየውና «‹አልስማማም› የት አለ?» አለ። ስልኩን ገለበጠው። እግዜር ያሳይሽ፣ ጀርባው ላይ ፈለገው!

«የለም» አልኩት በእጄ።

«ሁለት ወገን የሌለው ውል ምን ውል ነው?» አለ።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ውል ሲያዋውል መኖሩን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንበብ የማይችል ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲመጣ፣ ውሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦለት፣ የገባውን በራሱ አፍ መልሶ ካልነገረው በቀር አውራ ጣቱን ቀለም እንደማያስነካው በየምሳው ይነግረናል። ስለዚህ ውሉን ካላነበብኩ አለ። በስልክ ፊደሉ ስላነሰበት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። ወረቀቱ አላልቅ ሲል ልጅቷ «የመመረቂያ ጽሑፍ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ የአያቴ ጆሮ ነው» አልኳት።

ከዚያ አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ እንደ ፈተና አራሚ ጀመረልሽ። መቼም የማይሰማ ሰው ለብቻው ሲያጉተመትም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «አጋሮቻችን ይላል! አጋሮቹ እነማን ናቸው? ስም የላቸው፣ አድራሻ የላቸው!» ብሎ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ ይመልስለታል። ሁለቱ እንዲህ ሲነጋገሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንድ አንቀጽ ላይ ደረሰ። እኔን ጠራኝና በጣቱ አሳየኝ። «በመሣሪያው አካባቢ የሚሰሙ ድምፆችን አገልግሎቱን ለማሻሻል እንሰበስባለን፤ ለአጋሮቻችንም ልናካፍል እንችላለን» ይላል። በቀይ ከበበው። ሌላውን ማንበቡን ተወ።

ወንድምሽ ሲሰማ ሳቁ አላስቆም አለው። ወንድምሽ ስልክ ስለሚሸጥ ስልክ የፈለሰፈ ይመስለዋል። «አባባ፣ ምን ምስጢር አለህና ነው? ስለ ጉልበትህና ስለ ሆድ ድርቀትህ አይደል የምታወራው! ይስሙት፣ የሚሠቃዩት እነሱ ናቸው!» አለ። አባባ እስኪሰማው ሦስቴ ደገመው፤ ቀልድ ሦስቴ ሲደገም ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

«የኔን አፍ ቢወስዱት ግድ የለኝም» አለ አባባ። «የሚወስዱት እኔ ፊት የሚያወራውን ሰው ነው። እኔ ባንተ ቃል ላይ መፈረም እችላለሁ?»

«ስልክህስ አይሰማህም?» አለው ወንድምሽ።

«ሌባው ሁለት ከሆነ በሩን ክፈትላቸው ነው የምትለኝ?»

እኔ ወንድምሽ ሲናገር ከወንድምሽ ጋር ነበርኩ፤ አባባ ሲናገር ከአባባ ጋር ሆንኩ። ነገሩ ሲብስብኝ የኮምፒውተር መምህራችንን ጠየቅኳቸው፤ ላፕቶፓቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ። መምህራችንን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሰው «እንዴት አደሩ» ሲላቸው እንኳ ከታሪኩ ነው የሚጀምሩት። «ችግሩ ውሉ አይደለም» አሉ። «ችግሩ ሶፍትዌሩ መቆለፉ ነው። ዕቃውን ገዝታችኋል፤ ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ግን አልገዛችሁም፣ እንድትጠቀሙበት ነው የተፈቀደላችሁ። ፈቃዱን የሰጠ ባሻው ቀን ይነሣችኋል። ኮዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሠራ አይተን፣ የማንፈልገውን አውጥተን እንጥለው ነበር።»

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ለአባባ ሰጠሁት። አነበበና «ክፍት ቢሆን እኔ ምን ገብቶኝ ነው የማነበው?» አለ።

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ከሥሩ ጻፉበት። «እነዚያ እርስዎ ዘንድ አሻራ ያደርጉ የነበሩት ሰዎች ውሉን ማንበብ ይችሉ ነበር? የፈረሙት የሚያነብላቸው ሰው ስለነበረ ነው።» አባባ አነበበው። ከዚያ ወንበር ሳበላቸው። አባባ ለሰው ወንበር ሲስብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግን ምን ዋጋ አለው? መምህሩ ሞከሩ፣ መስሚያዋ እምቢ አለች። ክሊኒክ ብንደውል የጆሮ ባለሙያዋ «ከነካካችኋት ዋስትናው ይቀራል፤ መክፈቻው ያለው ኩባንያው ጋ ብቻ ነው» አለችን። አየሽልኝ? አንቺ ገዝተሻት ያንቺ አይደለችም፤ እሱ ጆሮ ላይ ተቀምጣ የሱ አይደለችም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን አይተው ኖሯል!

ኩባንያውን ልሳደብ እልና ደግሞ እፈራለሁ። ያለነሱ አባባ ያን ዓመትም አይሰማም ነበር። የሚሰጥሽም የሚነፍግሽም አንድ እጅ ሲሆን፣ ትስሚዋለሽ ወይስ ትነክሺዋለሽ? እኔ ራሴስ ማን ነኝና ነው የምፈርደው? ፊቴን የድመት ፊት ለሚያደርግ አፕ ምን ምን እንደፈቀድኩለት ፈጣሪ ይወቀው።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ወንድምሽ ነገሩን በሱ ቤት ጨረሰው። አባባ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ወንድምሽ ስልኩን ይዞ በእግሩ ጣት ገባ። «እስማማለሁ»ን ተጫነ፤ ስልኩ የባለቤቱን አሻራ ጠየቀ። የአባባን አውራ ጣት ቀስ ብሎ አነሣና ስልኩ ላይ አሳረፈው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

አባባ ሲነቃ «ቧንቧው ይንጠባጠባል» አለ። በቀስታ ነው ያለው። ስንት ጊዜ ሲጮህብን ከርሞ ያቺን በቀስታ አላት፤ መስሚያዋ ተከፍታለች። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፤ ከዚያ እኛን አየን።

«ማን ፈረመ?»

«አንተው ነህ፣ በገዛ ጣትህ!» አለ ወንድምሽ፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

አባባ አውራ ጣቱን አየው፤ ቀለም የነካው ይመስል ሱሪው ላይ ጠረገው። «ውክልና ሰጥቼሃለሁ?» አለው። ያን የሚያህል ቁመት ያለው ወንድምሽ እኔን አክሎ ታየኝ። ውሉን ለመሻር ለኩባንያው ጻፍን፤ የሚመልሰው ማሽን ነው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለን።

«አውልቃት በቃ!» አልኩት እኔ።

«እሑድ ትደውላለች» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ታዲያ ምን ሲያደርግ እንደሰነበተ ብታዪ በሳቅ ትሞቻለሽ። ክፍል ከመግባቱ በፊት በሩን ያንኳኳና «መጣሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም» ይላል። ወንድምሽን ላማ አፌን ስከፍት ጆሮውን በጣቱ መታ መታ ያደርግልኛል፤ እኔም ወሬዬን እውጣለሁ። እንግዳ ቢመጣ ገና ሳይቀመጥ «የምትናገረውን ዕወቅ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። አንዱ እንግዳ አርጅቶ ጃጅቷል ብሎ አዘነለት።

እሑድ ከሰዓት ጸጉሩን አበጠረ። በስልክ እንደማትታዪው እያወቀ! መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ እኔ ወለሉ ላይ ሒሳብ እሠራለሁ። «ልጄ» አለሽ። ያቺን «ልጄ» ሳይጮህ ነው ያወጣት፤ ልብ ብለሽ እንደሆነ። ስለ ጉልበቱ ጠየቅሽው መሰለኝ፤ «ደህና ነው» ብሎ ዋሸሽ። ሳቀ። ቀጥሎ ምን እንዳልሽው አልሰማሁም፤ ፊቱን ነው ያየሁት። «ልጄ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለ።

ከዚያ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። መስሚያዋን አወለቃት፣ በመሐረብ ጠቀለላት፣ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዘጋት። ስልኩን ባዶ ጆሮው ላይ መልሶ ለጠፈ። እና አዳመጠሽ፤ ማለት... እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነ። «እሺ» አለ። «አዎ» አለ። ሲብስ ጊዜ «እሰይ፣ ጥሩ ነው» አለ። ዓይኑ ግን እሰይ የሚል ሰው ዓይን አልነበረም።

እማዬ፣ ጨርሶ ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንቺን ለመስማት ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የታገሣትን መስሚያ አንቺ ዋናውን ነገር ስትጀምሪ አወለቃት። ለምን? ብዬ ጠየቅሁት። «ባትሪዋ አልቆ ነው» አለ። ሄጄ አየኋት፤ ባትሪዋ ሙሉ ነው። «ታዲያ ‹ቆዪ፣ በኋላ ንገሪኝ› ለምን አላልካትም?» ብዬ ጻፍኩለት። «ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ይቋረጣል?» አለኝ። ውል አዋዋይ ሆኖ፣ እንደዚያ የባትሪዋ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት የዋሸኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ያየሁት ይኸው ነው። ከእራቱ ማግሥት ወንድምሽ «ሰላም ብላለች» ያለውን መልእክትሽን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጠሁት። አነበበው። «አልደውልም» የሚለው ላይ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ አደረገው፣ እንደገና አነበበው። ወንድምሽ «ደውለንላት አስረዳት» ቢለው «አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለኔ «ጻፊላት» አለኝ። ራሱ ግን ጃኬቱን ሊያስተኩስ ሄደ።

አሁን ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ ሰው ፊትሽ ተቀምጧል። ሳይነግርሽ መጥቶ በርሽን ሲያንኳኳ ደንግጠሽ ከሆነ እኔን አትውቀሺ፤ «ከነገርሻት ትከለክለኛለች» ብሎ አፌን አስያዘኝ። መስሚያዋን ቤት ትቷታል፤ ረስቶ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ በግራው በኩል ተቀመጪ፣ ቀኙ ጨርሶ አይሰማም። አትጩሂ፤ ጆሮው ሥር ተጠግተሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ያልሰማውን ከከንፈርሽ ያነበዋል። ያን እሑድ ካልሽው ውስጥ አንዲት ቃል አላገኘም። ከመጀመሪያው እንድትነግሪው ነው የመጣው። እኔ ምን እንዳልሽው ለማወቅ ሞቼ ነበር፣ ግን ለኔ እንዳትጽፊልኝ።

ለተናጋሪዋም ለሰሚውም ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ የሚከብድሽን ያቅልልሽ፤ እግርሽንም ያሽርልሽ። በይ ደብዳቤውን እጠፊውና ወደሱ ዙሪ፣ ብዙ አስጠበቅሽው።

የምትናፍቅሽ፣
ምላሰኛዋ ልጅሽ