በስሜ የተቆጠረው የስንዱ ድካም

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ ስንዱ ትናንት ከምትሠራበት ከአዴት እርሻ ምርምር መጣች። ስለ ጤፍ በሽታ ያጠናችውን የውጭ አገር ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው እየጠቀሱት ነው። ዛሬ ከሚካኤል ስንመለስ አንዱን አሳየችኝ። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ለቅሜ አነበብኩት፤ «አላምረው፣ ስ.» ይላል።

«እንዴ! ይኼ እኮ የኔ ስም ነው።»

«እነሱ የሚጠሩት በአባት ስም ነው፣ አባዬ። እንግዲህ ተመራማሪው እርስዎ ነዎት» ብላ ሳቀችብኝ።

«አንቺስ ወዴት ሄድሽ?»

«እኔማ ‹ስ› ሆኜ ቀረሁ።»

ከዚያ ሳቋን ትታ ነገሩን አስረዳችኝ። አንዱ በኔ ስም፣ ሌላው በሷ ስም እየጠቀሳት፣ ማን ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብለው የሚቆጥሩት ሁለት ሰው አድርገዋታል። የሥራ ዕድገቷ ሲታይ ግማሹ ድካሟ አይታሰብላትም። ከእንግዲህ የኔን ስም አስቀድማ፣ ስንዱን መጨረሻ ላይ ልትጽፍ አስባለች፤ እነሱ የሚይዙት የመጨረሻውን ስም ስለሆነ፣ ያኔ «ስንዱ» ተብላ ትጠቀሳለች።

«ቅር ይልዎታል?»

«ምን ቅር ይለኛል!» አልኳት። ቅር ግን ብሎኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ስሙ ባሕር ሲሻገር ደስ አይለውም ወይ?

ጠዋት ግን ቄሱ የሙታንን ስም ሲያነሱ እናቷን «ወለተ ኪዳን» ብቻ ብለው አለፉ። የማን ልጅ፣ የማን ሚስት አላሉም። እግዜር መቼም አትጠፋበትም።

ስንዱ ብላ ስም ያወጣችላት እናቷ ነበረች፤ እኔ ሌላ ስም ይዤ ተከራክሬ ነበር። ነገ ሳትሳፈር ይህን እነግራታለሁ። ቅር እንዳለኝም ጭምር።