ሽንኩርት ስለሚልጠው ሰውዬ

ለልጄ፣ ለኔ ቁንጥንጥ፦

እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? በደንብ ትበያለሽ? ጓደኞችሽስ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ያልደወልኩት እናትሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ለሰፈሩ ሁሉ ስለምታሰማ ነው። ይሄን እዚሁ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ጽፌ፣ ሐሙስ ወደናንተ ለሚመጣው አስተማሪ እሰጠዋለሁ።

ከትምህርት ቤታችሁ ጋር በሄድሽበት በዚያ ሰው አገር፣ ስደተኞች በሚመገቡበት ወጥ ቤት በነፃ እያገለገላችሁ ስለ ባህላቸውና ስለ ኑሯቸው እንደምትማሩ ጽፈሻል። እናትሽ "ቤቷ ድንች ልጣ የማታውቅ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሽንኩርት ስለሚልጠው ሰውዬ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቀሪውን እዚህ መጋዘን ለብቻዬ አነበብኩት። የማን ልጅ ነሽ ብሎሽ ስሜን ነገርሽው። "አባትሽ አሁንም ሁሉን ነገር አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይቆጥራል?" አለሽ። ከዚያ ቢላውን አስቀምጦ ወጣ፤ በማግስቱም አልመጣም። "አባዬ፣ እንዴት አወቀህ?" ትይኛለሽ።

ልጄ፣ አጎትሽ ነው። ሞተ ብለን ያለቀስንለት ታናሽ ወንድሜ፣ ሳቂታው፤ በቆጠራዬ ይቀልድብኝ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሲሄድ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ፊቱን አታስታውሺውም።

አንደኛ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ባሕር ሲሻገሩ ጀልባቸው ሲሰጥም አንድ ሰው ደውሎ፣ ከተረፉት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም አለኝ። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፤ ዝርዝር ላይ ከሌለ የለም። "ትንሽ እንጠብቅ" ያሉኝን ሁሉ እምቢ ብዬ በሦስተኛው ቀን ለአያትሽ መርዶ ነገርኳት። ሁለተኛ፣ ሚስቱ ሁለት ዓመት ጥቁር ከለበሰች በኋላ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ አገባች። "የሞተ አይመለስም፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ" ያልኳት እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ወልዳለች። ሦስተኛ፣ እሱም ይሄን ሰምቶ "እንደሞትኩ ልቅርላቸው" ብሎ ይሆናል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አደራሽን፣ ወጥ ቤቱ ያሉትን እየጠየቅሽ ፈልጊው። የሚስቱን ነገር ቀድመሽ አታንሺ። አይ፣ ከጠየቀሽ አትዋሺው፤ ያጋባት አባቴ ነው በይው። ቢሰድበኝም ስሚና አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ለአያትሽ ትንፍሽ አላልኩም። በድንገት ብነግራት ልቧ አይችልም፤ ሳልነግራት ብትሞትብኝ ደግሞ ምን ይውጠኛል? እሱ "ንገራት" ይበለኝና እነግራታለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ስለ ስደተኞች የተማራችሁትን ስትጽፉ ይሄን እንዳትጨምሪ። የቤት ገበና ነው።

እናትሽ ካልሲ ደርቢ ትላለች። ወንድምሽ አልጋሽን ወርሶ ሰላም ይልሻል። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ናፍቀሽናል ብለዋል፤ ፊቷን ማየት ከብዶኛል። አያትሽ ደግሞ "ለሰው ልጆች ስትጨልፊ እጅሽ አይሰስት፤ ለኔ ልጅ ማን እንደጨለፈለት አላውቅም" ብላለች። ካገኘሽው፣ ከኔ ሰላምታ በፊት ይሄን አድርሺለት።

አባትሽ
ከመጋዘኑ፣ ኅዳር 9 ቀን