እርሳስ የጠጣው እቶን

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

ዛሬም ድስት። ሰማንያ ሁለት ድስት ግሬታ ውስጥ ነክሬ አወጣሁ። ወገቤ የኔ አይደለም። ለሆሳዕና ገበያ ገና ሁለት እቶን ሙሉ ይቀረናል። ግሬታው ደግሞ ሊያልቅ ነው... ያለዚያ ብርቱካንማ ዱቄት ቅቡ ውስጥ ያለው አሸዋ አይቀልጥ፣ ድስቱ አያብረቀርቅ። ያላብረቀረቀ ድስት ማን ይገዛል?

የኢትሲ አስተማሪ አስጠራችኝ። "ትናንት ያወቀችውን ፊደል ዛሬ አታውቀውም" አለች። ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ሆዴን አመመኝ ማለትም አብዝታለች። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት? መቼ ተመችቶኝ?

ፌብሩዋሪ 12፣ ሐሙስ

ወሰድኳት። ጣቷን ወጓት። ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ፣ መርዘኛው ማዕድን። ሃያ ሦስት።

"ከአምስት ሲያልፍ እኛ እንደነግጣለን" አለች ነርሷ። "ቤት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?"

"ሸክላ።"

"በምን ትቀቡታላችሁ?"

ግሬታ እርሳስ መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔም አውቅ ነበር። የጉሮሮ ነገር ሆኖ... ግቢ ውስጥ ስበጠብጥ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው የምትጫወተው። በዚያው እጄ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣችንን፣ ቆርሼ አጎርሳታለሁ። እኔ፣ እናቷ።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሁድ

ለአማቴ ለናና (እማማ) ኤውስቶሊያ ነገርኳቸው። ሳቁ።

"ስልሳ ዓመት ነክሬበታለሁ። ሞትኩ?"

"ልጅ ናት እኮ ናና፣ ደሟ ውስጥ..."

"ደም ደም ትያለሽ። ሆዷን ካመማት ቅጠል አፍይላት።"

ባሌ ሲሪሎ ግን "ግሬታ ከዚህ ቤት ይውጣ" አለ። እናቱን ሲቃወም ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ማጋሊ የምትባል ሸክላ ሠሪዎችን የምታሠለጥን ልጅ አለች፤ ቦራክስ በሚባል ማዕድን የተሠራ ቅብ ትሰጠናለች። እርሳስ የለበትም። ግን ብዙ እሳት ይበላል አለች።

አማቴ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ካላብረቀረቀላችሁ ከግሬታው ቁንጥር ጣል አድርጉበት። ቁንጥር አይገድልም" አሉ።

ማርች 2፣ ሰኞ

በአዲሱ ቅብ ተኮስን። ደበዘዘ፣ ሙሉ እቶን። አማቴ አንዱን ድስት አነሱና "ይሄ ደግሞ ምንድነው? የበሽተኛ ፊት!" አሉ። ደክሞኛል፣ መከራከርም ደክሞኛል።

ማርች 9፣ ሰኞ

ሲሪሎ ጥዱን ትቶ ጠንካራ እንጨት አስገባ። እሳቱ ሌላ ሆነ። አብረቀረቀ! አማቴ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉትና ዝም አሉ። ከእሳቸው አፍ ዝምታ ምርቃት ነው።

ማርች 11፣ ረቡዕ

ማጋሊ መጣች። ጥጥ መድኃኒት ውስጥ ነክራ ድስቱን አሸችው። እርሳስ ካለ ጥጡ ይቀላል። ቀላ። ሌላ ድስት... ቀላ። ሦስተኛም።

ባልዲው አዲስ፣ ወንፊቱ አዲስ፣ ግቢው ታጥቧል። ታዲያ ከየት መጣ? ቁንጥር ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ክፍላቸው ሄድኩ።

"ናና፣ ጨመሩበት አይደል?"

"ምኑን?"

"ግሬታውን! በገዛ የልጅ ልጅዎ..."

እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። "ይሄ እጅ አልነካውም።"

"ውሸት!" አልኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ቀና ብዬ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም። ኢትሲ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ማጋሊ ዛሬም መጣች። ሰላም እንኳ ሳትል እቶኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ግድግዳውን በጥጥ አሸችው። ጥጡ ደም መሰለ።

"እርሳስ ሲግል ይተናል። ጡቡ ይጠጣዋል። አሁን እሳት ስታበዙበት ድስቱ ላይ መልሶ እየተፋው ነው።"

የሲሪሎ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሠሩት እቶን ነው። አርባ ስድስት ዓመት ጠጥቷል። እኛ እቃውን ሁሉ ስናጥብ፣ እቶኑን ማን አሰበው?

አማቴ ከኋላችን ቆመው ሰምተዋል። ዞሬ ማየት አፈርኩ።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ተነሺ፣ ቦሎቄው እያረረ ነው" አሉኝ።

ማርች 20፣ ዓርብ

እቶኑ ፈረሰ። ሲሪሎ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ የአባቱ እጅ ሥራ ነዋ። "በለው እንጂ፣ አባትህ እዚያ ውስጥ የለም" አሉት አማቴ። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ አርከፈከፍኩ። ኢትሲን እህቴ ቤት ልከናታል።

ዳቦ ጋጋሪው ፕሮኮፒዮ ልንቀብረው የከመርነውን ጡብ አይቶ መጣ። "ለምን ትቀብሩታላችሁ? ለኔ ምድጃ ስጡኝ እንጂ!" ሲሪሎ ሊያስረዳው ሲንተባተብ አማቴ ቀደሙት። "ዳቦህ ያለዚህም እየገደለን ነው፣ ምን አስቸኮለህ?" ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ... እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሆሳዕና ገበያ ቀረ። ዘንድሮ በምን እንደምንኖር እንጃ።

ጁላይ 6፣ ሰኞ

በአዲሱ እቶን ሦስተኛ ጊዜ ተኮስን። ጥጡ ነጭ ነው። የኢትሲ ደም አሥራ አምስት። ገና ነው፣ ግን ወረደ። የጎዳውስ ይመለሳል ወይ? ነርሷን ጠየቅኳት። "አላውቅም" አለች። አለመዋሸቷን ወደድኩት፣ ግን አለቀስኩ።

አማቴም ማንም ሳይለምናቸው ጣታቸውን ሰጡ። ሠላሳ ስምንት። ስለ ራሳቸው አልጠየቁም።

"ጡት የሚጠባ ሕፃንስ? ይይዘዋል?"

"በወተት ያልፋል። በማኅፀንም" አለች ነርሷ።

"ያንዘፈዝፈዋል?"

"ከበዛ... አዎ።"

ቤት ስንደርስ አማቴ ነገሩኝ። ከሲሪሎ በፊት ሁለት ወልደው ነበር፣ ሬፉሂዮና ቶማሳ። ሁለቱም እየተንዘፈዘፉ ሞቱ። ሬፉሂዮ ከመታመሙ በፊት ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናና ክሌዮፋስ "ሲያምር!" ብለውት ኖሯል። ዓይናቸው ነው የበላው ተባለ። ለካ አማቴ እሳቸውን ሰላም የማይሉት ለዚህ ነው። እኔ የድንበር ጠብ ይመስለኝ ነበር።

"እርሳሱ ነው ማለት ነው?" አሉኝ።

"ማን ያውቃል ናና..."

"አንቺ እኔን የጠረጠርሽኝ አንድ ቀን ነው። እኔ ያቺን ሴት አርባ አራት ዓመት።"

ሻላቸውን ደርበው መንገዱን ተሻገሩ። እዚሁ በራችን ላይ ቆሜ አየሁ። አንኳኩ።

"ማነው?" አሉ ናና ክሌዮፋስ ከውስጥ።

አማቴ ስማቸውን እስኪናገሩ ብዙ ቆዩ።