በጭንቅላታቸው የብረት በር ስለ ደበደቡት መምህሬ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተቋማችን የአስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንት፣
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይም ቀኝ ክንድዎ ከትከሻ እስከ ጣት ወጥ እንደሆነ እንዲቆይልዎ እጸልያለሁ፤ ክንድ ሁለት ቦታ ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ በሚገባ ዐውቄያለሁና። እኔ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሁ፣ ሥራ ያልያዝሁ፣ ሁሉ ነገር የሚያስቸኩለኝ ወጣት ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ በመጪው ሐሙስ ከሥራ ሊያሰናብታቸው ስለ ጠራቸው መምህሬ፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ንብ» ስለሚላቸው ሰው ነው። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. ስለ ትዕግሥትዎ። ጋሽ ንብ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩ የማዕረግ እድገት ሦስት ጊዜ ጠይቀው፣ እርስዎ ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና መልሰዋቸዋል። «አሮጌ ኮምፒውተሮችን በሽቦ ማያያዝ የቴክኒሻን ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም» የሚለውን የመጨረሻውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። እውነት ነው። ሰውየው ያደረጉት ከየቢሮው የተጣሉ አርባ ስምንት ኮምፒውተሮችን ሰብስበው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ አንድ ከባድ ስሌት ተከፋፍለው እንደ አንድ ግዙፍ ማሽን እንዲሠሩ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ፕሮፌሰር ይባሉበት ነበር፤ እርስዎ ግን «የሽቦው ሰውዬ» ብለው ከከንቱ ውዳሴ ጠበቋቸው።

፪. ስለ ንቃትዎ። በእኛ ሙያ ሥራ የፈታ ማሽን ነውር ነው፤ ጋሽ ንብ «ሰው ቤት ሄዶ እንደሚያዛጋ እንግዳ ያሳፍራል» ይሉናል። ስለዚህ አንዱ ስሌት ሳያልቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ማሽኖቹ እሑድም ሰኞም በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ። የቁጥጥር ክፍልዎ ይህን ሲደርስበት ደነገጠ። በዚህ ተቋም ውስጥ ማንም በሐቅ ይህን ያህል አይሠራም፤ ስለዚህ ሰውየው በድብቅ ዲጂታል ገንዘብ እያመረቱ ነው ሲል ሪፖርት አቀረበ። አልፈርድበትም፤ ሰው የሚገምተው ከራሱ ተነሥቶ ነው።

በዚያን ሰዓት ማሽኖቹ ያሰሉ የነበረው፣ ጎርፍ የታችኛውን ድልድይ ምሰሶ ከሥሩ እንዴት እየቦረቦረ እንደሚሄድ ነበር። አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ድልድዩን እርስዎም ጠዋት ጠዋት በመኪናዎ ይሻገሩታል።

፫. ስለ ላኩልን አምስት ጥበቃዎች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዱላቸውን ይዘው ሲገቡ ማሽን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው መምህሬና ሥራ እስካገኝ የማግዛቸው እኔ ብቻ ነበርን። አለቃቸው ማሽኖቹ ሁሉ አሁኑኑ ይጥፉ አለ። ጋሽ ንብ ከማሽኖቹ ፊት ቆሙና፣ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ ስሌቱን ላስቀምጥና እኔኑ ራሴን ይዛችሁኝ ውጡ» አሉ። አለቃው፣ «ምን፣ ኮምፒውተሩ ሻይ እየጠጣ ነው?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛውን በክንዳቸው ሲመክቱ ክንዳቸው ሁለት ቦታ ቋ ብሎ ተሰበረ። ወድቀው ሲነሡ አንገታቸውን ይዘው ግንባራቸውን ከብረቱ በር ጋር ሁለት ጊዜ አጋጩት። እኔ ጉልበት ሆዴ ላይ ተተክሎብኝ ወለል ላይ ነበርሁና ደማቸው ወደ ጉንጬ ሲመጣ አየሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ የእርስዎ ሰዎች ግን ጀግኖች ናቸው፣ መምህሬ ይቅር ይበሉኝና፣ ሁለቱንም አልማሩም።

ከመካከላቸው አንዱ የቸኮለ ልጅ ማጥፊያው የት እንዳለ ሳይጠይቅ ዋናውን የኤሌክትሪክ ገመድ በብረት ዘንግ ሊፈለቅቅ ገባ። ኤሌክትሪኩ ያዘው። ብረቱን መልቀቅ አቃተው፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ፤ እጁ መጨስ ጀመረ። አራቱ ጓደኞቹ ወደ በሩ ሸሹ። ያን ጊዜ ጋሽ ንብ በደረታቸው ተስበው፣ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ዋናውን ማጥፊያ ቁልቁል መቱት። አርባ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። የአሥራ ዘጠኝ ቀን ስሌት በአንድ ምት ጠፋ፤ ልጁ ግን ተረፈ።

፬. ስለ ክሱ አጻጻፍ። አንደኛ፣ «የተቋሙን የብረት በር በጭንቅላቱ አጎድጉዷል»፤ ሁለተኛ፣ «ማስረጃ ለማጥፋት ማሽኖቹን በገዛ እጁ አጥፍቷል»። እንዲህ ያለ አማርኛ ለመጻፍ ብዙ መማር ያስፈልጋል፤ እኔ ገና ነኝ።

፭. ስለ አባታዊ ርኅራኄዎ። ቢሮዎ አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ዕድልህን በእግርህ አትርገጥ» ብለው ሁለት ወረቀት በአንድ ስቴፕል አያይዘው ሰጡኝ። የላይኛው የረዳት መምህርነት ቅጥር ደብዳቤዬ ነው። የታችኛው፣ ቀድመው የመቱት ጋሽ ንብ መሆናቸውን እኔ የምመሰክርበት ነው፤ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነበር። አልዋሽዎትም፤ ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። በረዳት መምህርነት ስሜ እንኳ እንዴት እንደሚጠራ ለብቻዬ ሞክሬዋለሁ። ለእናቴ ሳሳያት የላይኛውን አንብባ ፊቷ በራ፤ የታችኛውን ገልጣ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ሰውዬ አይደሉ እንዴ ያስተማሩህ?» አለችኝ።

ስለዚህ ሁለቱንም ወረቀቶች፣ ስቴፕሉ ሳይነቀል፣ ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በምትኩ ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ሐሙስ ራሴ ይዤው እቀርባለሁ። ብቻዬን አይደለሁም። እጁ የተቃጠለው ጥበቃ ቀኝ መዳፉ በፋሻ ስለ ተጠቀለለ፣ ከፊርማዬ ሥር በግራ አውራ ጣቱ ዐትሟል። አሻራው ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ክንድዎን፣ ግንባርዎንና ወንበርዎን ከክፉ ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ ለመሆን ሁለት ቀን ሞክሮ ያልሆነለት ምሩቅ

ማስታወሻ፦ ዐርብ ለሚመጡት የክብር እንግዶች በበተኑት የጥሪ ካርድ ላይ «ተቋሙ በራሱ አቅም የገነባውን ሱፐር ኮምፒውተር ሲሠራ ይጎበኛሉ» የሚል አንብቤ ኮራሁ። ጽሕፈት ቤትዎም ማሽኖቹን የሚያስነሣ ሰው በጥብቅ እያፈላለገ መሆኑን ሰምቻለሁ። ድካሙን ላቅልልዎት፤ እንዴት እንደሚነሡ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ቀኝ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ሐሙስን ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛው ይህን ደብዳቤ የጻፈልዎት ነው።